ወንደላጤና ሴተላጤ በአዲስ አበባ፦ ሰው የማግኛ መመሪያ

እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ታች ቤት ቡና እየተቆላ ነው፤ ሽታው በደረጃው ወጥቶ በበሬ ስር ገባ። ቀጥሎ የሙቀጫ ድምፅ መጣ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስልኬን ስነካካ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ከአፌ የወጣው ቃል «ወራጅ አለ» ብቻ ነበር። እሱንም ለታክሲ ረዳት ነው ያልኩት።

ያኔ ከደሴ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሥራ አለኝ። ደመወዝ አለኝ። ቴሌግራም ላይ 11 ግሩፕ ውስጥ አለሁ። ሰው ግን የለኝም። መፍትሔው ፍቅረኛ መያዝ መሰለኝና ሌላ ሁለት ዓመት በዚያ አባከንኩ። ያገኘኋትን ሁሉ እራት አብራኝ እንድትበላ፣ ሲያመኝ እንድትጠይቀኝ፣ ወሬዬን እንድትሰማ፣ እሁዴን እንድትሞላ ፈለግኩ። እናት፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ ፍቅረኛ፣ ሁሉንም በአንዲት ምስኪን ልጅ ላይ ልጭን! ማን ይችለዋል? ሁሉም ሸሹ፤ ደግ አደረጉ።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ፍቅር ነው። «አንተ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ሴቶች «አንቺ» እያላችሁ አንብቡት። የሴቶች ጉዳይ የሚለይበት ቦታ ስደርስ ለይቼ እናገራለሁ።

1. አንድ ሳምንት ቁጠር

ደብተር ያዝ። ለሰባት ቀን ማታ ማታ ሦስት ጥያቄ መልስ። ዛሬ በስሜ ጠርቶ ያናገረኝ ማን ነው? ከማን ጋር ቁጭ ብዬ በላሁ? ሌሊት ቢያመኝ ለማን እደውላለሁ? የሥራ ጉዳይ አይቆጠርም። ቴሌግራም ላይ የተላከ የሳቅ ምልክትም አይቆጠርም።

ሳምንቱ ሲያልቅ የጎደለህ ይለያል። አብሮህ የሚበላ ከሌለ ጎረቤት ጎድሎሃል። የሚደወልለት ከሌለ ጓደኛ ጎድሎሃል። ሁለቱም ኖረውህ ማታ ማታ ልብህ አሁንም ባዶ ከሆነ የጎደለህ ፍቅር ነው፤ እሺ፣ ወደ 5ኛው ዝለል። እኔ ስቆጥር ለሦስቱም መልሴ ዜሮ ነበር። ባለሱቁ እንኳ «ወንድም» ነበር የሚለኝ፤ ስሜን አያውቅም።

ዜሮ ከሆነ አትፈር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚቸገር ጽፏል። ከታክሲ ሰልፍ ላይ ስድስት ስድስት እያደረግክ ቁጠርና እይ።

አንድ ነገር ግን ከብቸኝነት ለይ። እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ ድሮ የምትወደው ነገር ሁሉ ካስጠላህና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ጋር ሂድ። «ብሞትስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገርና ሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ የቆመ ነው። ስሙን ሰው ለስድብ ስለሚጠቀምበት ብዙዎች በበሩ ማለፍም ይፈራሉ። ስድቡ የከተማው ጥፋት ነው፤ የሆስፒታሉ አይደለም።

2. ከደረጃው ጀምር

ኮንዶሚኒየም ሰውን እርስ በርስ ያለያያል ይባላል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው። አንድ ደረጃ የምንወጣ፣ አንድ ኮሪደር የምንጠርግ፣ ውኃ ሲጠፋ አብረን ጀሪካን የምንይዝ ሰዎች ነን። ሰበቡ ሞልቷል፤ የሚጎድለው ቀድሞ አፉን የሚከፍት ሰው ነው።

ለሁለት ሳምንት ይህን ብቻ አድርግ። ጆሮህ ላይ የሰካኸውን ማዳመጫ ከግቢው በር ጀምሮ አውጣ። ያገኘኸውን ሁሉ ሰላም በል፤ ጥበቃውን ጨምሮ። ጥበቃው ማን የት እንደሚኖር፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ ያውቃል። ስሙን ጠይቀው፤ ስምህን ንገረው። እትዬ እንትና ከባድ ዘንቢል ይዘው ደረጃ ሲወጡ ካየህ «ልያዝልዎት» በል። በቃ፣ መግቢያው ይህ ነው።

ቀጥሎ ቡናው ይመጣል። «ና ቡና ጠጣ» ስትባል እንደ ጨዋ ልጅ «ጠጥቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለህ። አንዴ ይሁን። ሦስቴ ካልክ ግን አራተኛ ጥሪ የለም፤ «ይኼ ልጅ ሰው አይወድም» ተብሎ ይታለፋል። ግባ። በሚቀጥለው ጊዜ ባዶ እጅህን አትሂድ፤ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘህ ሂድ። አቦል ጠጥተህ ሹልክ አትበል። አቦል ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፣ ቶና ላይ ስለ ልጆች። እውነተኛው ወሬ በረካ ላይ ነው የሚመጣው። ስልክህን ኪስህ ክተት።

እድር ግባ። ታውቃለሁ፣ የሽማግሌ ነገር ይመስላል። እኔም «ገና 28 ዓመቴ ነው፣ ማን ሊሞትብኝ ነው» ብዬ ስቄ ነበር። ከዚያ ከእኛ ብሎክ አንድ አባት አረፉ። ድንኳን ተከልን፤ አግዳሚ ወንበር ተሸከምን። ሌሊቱን ከወንዶቹ ጋር ካርታ እየተጫወትን አነጋን። በሦስት ቀን ውስጥ በዓመታት ያላወቅኩትን ሰው አወቅኩ። የመጀመሪያው እውነተኛ ጓደኛዬ በዚያ ሌሊት ካርታ ሲያጭበረብር የያዝኩት የሁለተኛ ፎቅ ልጅ ነው። ወርሃዊ መዋጮው ትንሽ ነው። ለቅሶ የቀረ መቀጮ አለበት፤ መቀጮው ራሱ ጥሩ ነው፤ ሰነፉን ከአልጋው ያስነሳል።

የምትኖረው ቤት ተከራይተህ ቢሆንስ? ብዙው እድር ተከራይ ይቀበላል፤ ሊቀመንበሩን ጠይቅ። «ነገ ልለቅ እችላለሁ» ብለህ አትተወው። ሁላችንም ነገ ልንለቅ እንችላለን፤ አከራዩ ያውቃል።

3. አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትይዝ እንደሆነ ይህን ያዝ።

ጄፍሪ ሆል የተባለ የአሜሪካው ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ወደ አዲስ ከተማ የገቡ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ ወደ 50 ሰዓት አብሮ መሆን ይጠይቃል። ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ያህል። የልብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 ሰዓት በላይ። የአሜሪካ ቁጥር ነው፤ እኛ ቡናችን ስላለ ምናልባት እናፈጥነው ይሆናል። ግን ሒሳቡን እስቲ እንሥራው። አንድን ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት ካገኘኸው 50 ሰዓት የሚሞላው በ25 ሳምንት ነው። ስድስት ወር! እና አንተ አንድ ቅዳሜ ሄደህ፣ ማንም ስላላናገረህ፣ «የአዲስ አበባ ሰው ደረቅ ነው» ብለህ ተመለስክ።

ስለዚህ አንድ ቦታ ምረጥ፤ አንድ ቀንና ሰዓት ያዝ፤ ስድስት ወር አትልቀቅ። ቦታውን ስትመርጥ ሁለት ነገር ተመልከት። ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል ወይ? ሰው እጁ እየሠራ አፉ ማውራት ይችላል ወይ?

ትምህርት ቤት ከሁሉም ይበልጣል። የማታ ኮርስ ስትመዘገብ ለሦስት ወር ያው ሰው ያው ወንበር ላይ ይጠብቅሃል። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ፈረንሳይኛ አለ፤ ጎተ ጀርመንኛ አለ። አፋን ኦሮሞ፣ የምልክት ቋንቋ፣ ስፌት፣ የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና፣ የፈለግከው ይሁን። ሰው ፊት «ዠ ማፔል» (በፈረንሳይኛ «ስሜ እገሌ ነው») እያለ የተንተባተበ ሰው ከዚያ በኋላ ሌላ ምን ያፍራል?

ሩጫ ሁለተኛ ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ ሂድ። የማታውቃቸው ሰዎች ያንኑ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከሳምንታት በኋላ ትከሻ ነቅነቅ ይጀመራል፣ ከዚያ «ዛሬ ዘገየህ» ይመጣል። ግብ ከፈለግክ ታላቁ ሩጫ አለልህ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ነሐሴ ላይ ልምምድ ብትጀምሩ እስከ ኅዳር ብዙ ሰዓት ታጠራቅማላችሁ።

የተራራ ጉዞ ላይ አስተያየት አለኝ። በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ የሚወስዱ ቡድኖች ሞልተዋል። ደስ ይላል። ግን በየሳምንቱ ከሌላ ቡድን ጋር ከሄድክ የምታተርፈው ፎቶ ብቻ ነው። አንዱን ምረጥና ተደጋጋሚ ሁን፤ አስተባባሪውን «ምን ላግዝ?» በለው። ውኃ የሚያድል ሰው ሁሉንም ያናግራል።

የእምነት ቦታህን አትርሳ። ሃምሳ ሺህ ሰው መሀል ቆመህ አስቀድሰህ ብቻህን ልትመለስ ትችላለህ። ስለዚህ ወደ ትንሹ ጉባኤ ጠጋ በል። ሰንበቴ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ በየወሩ በ12 ሚካኤልን ወይም በ21 ማርያምን የሚዘክር የጽዋ ማኅበር አለ። ሙስሊም ከሆንክ ከጁምዓው ሰልፍ በኋላ የሰፈሩን የቁርአን ቂርአት ወይም የወጣቶች ጀመዓ ጠይቅ። ጴንጤ ከሆንክ የቤት ለቤት ኅብረቱን።

በጎ ፈቃድም አለ። አያት አካባቢ ያለው መቄዶንያ አረጋውያንን የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ የሚያጫውት ሰው ይፈልጋል። ብቸኝነትህን ይዘህ ሄደህ ከአንተ የባሰ ብቸኛ ታገኛለህ፤ ከጎንህ ቆሞ ብርድ ልብስ የሚያጥፈው ሰው ደግሞ ደህና ሰው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ንባብ የምትወድ ከሆነ 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው። ውስጡ ዝም ስለሚባል ትውውቁ ውጭ፣ ዕረፍት ላይ ነው። ሁሌ በአንድ ሰዓት ዕረፍት ውጣ።

እቁብን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አመጣሁት። ድሮ እቁብ ማለት እሁድ እሁድ ዳኛው ቤት መሰብሰብ፣ ዕጣ ማውጣት፣ የደረሰውን ማስጋበዝ ነበር። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ በኛ መሥሪያ ቤት ሁሉም በስልኩ ይልክና ያበቃል። ገንዘቡ ይዞራል፣ ሰው አይገናኝም። ዳኛ ከሆንክ በወር አንዴ በአካል ይሁን ብለህ ተከራከር።

4. «እንገናኛለን» ማለት ተው

ጥሩ ሰው አገኘህ እንበል። ሦስት ወር አብራችሁ ሮጣችሁ። ከሩጫው ውጭ ግን አታውቀውም። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው «አንድ ቀን እንገናኛለን» ይላል። ያ ቀን በየትኛውም ካሌንደር ላይ የለም።

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ ጥራ። «ቅዳሜ 9 ሰዓት ስታዲየም አካባቢ አለሁ፣ ጀበና ቡና ልጋብዝህ» በል። ቦታ ስትመርጥ መንገዱን አስብ። አንዱ አያት፣ አንዱ ቃሊቲ ቢኖር እንኳ የባቡሩ ሁለት መስመሮች ስታዲየም ላይ ይገናኛሉ። ቦታው ርካሽ ይሁን። የጋበዘ ይከፍላል፤ ግብዣህ የሆቴል ምሳ ከሆነ ያኛው ብድር መመለስ ይከብደውና ይሸሽሃል። ጀበና ቡና ከሆነ በሚቀጥለው «ተራዬ ነው» ይልሃል። ተራ ከተጀመረ ጓደኝነት ተጀመረ።

ከሦስት ሰው ሁለቱ እምቢ ወይም ዝም ቢሉህ የተለመደ ነው። ሥራ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ትራንስፖርት አለ። አንዴ ደግመህ ጠይቅ፤ ከዚያ ተው።

5. አሁን ፍቅር

አሁን ጎረቤት አለህ፣ ሁለት ሦስት ጓደኛ አለህ። እሁድህ የሚሄድበት አለው። ፊትህ ተለውጧል፤ የራበው ሰው ፊት አይደለም። ፍለጋ ጀምር።

ሀ) ተናገር። ለሚያምኑህ ሦስት ሰዎች «ሰው አስተዋውቁኝ» በል። ይህ ውርደት የሚመስላቸው አሉ፤ አያቶቻችን ግን በአማላጅና በሽማግሌ ነው የተጋቡት። ልዩነቱ ዛሬ ወሳኙ አንተና እሷ መሆናችሁ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም 18 ዓመት መሙላትንና የሁለቱን ነፃ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ እትዬ ያስተዋውቁ፣ አይወስኑ። ስትነግራቸው «ጥሩ ልጅ» አትበል፤ ሁሉም ጥሩ ልጅ ያውቃል። የማትደራደርባቸውን ሁለት ነገሮች ንገራቸው፤ እምነት ሊሆን ይችላል፣ ልጅ መፈለግ አለመፈለግ ሊሆን ይችላል። ከሁለት ካለፈ የምትፈልገው ሰው አልተወለደም።

ለ) የመጀመሪያው ቀጠሮ በቀን፣ ሰው ባለበት፣ ለአንድ ሰዓት። ለሴቶች፦ የት እንዳለሽ ለጓደኛሽ ላኪ። በራስሽ ትራንስፖርት ሄደሽ በራስሽ ተመለሺ። «ቤት ቡና ላፍላልሽ» የሚል ወንድ ቡናውን ለእናቱ ያፍላ።

ሐ) አትዋሽ። ይህን የምለው ተምሬ ነው። አንዴ ለመጀመሪያ ቀጠሮ የባልደረባዬን ቪትዝ ተውሼ ሄድኩ። የኔ ነው አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም። ስሸኛት ዞር ስትል የኋላው ወንበር ላይ የሕፃን ጡጦ አየች። መኪናው የኔ ከሆነ ልጁም የኔ ነው፣ ልጁ የኔ ካልሆነ መኪናውም የኔ አይደለም። አየር ጤና እስክንደርስ ሳብራራ ነበር። ስልኬን ደግማ አላነሳችም።

ስለ ገንዘብ ጥያቄ ወንዶች ብዙ እናማርራለን። «ቤት አለህ? ደመወዝህ ስንት ነው?» ተባልኩ ይላሉ። በሁለተኛው ደቂቃ ከተጠየቀ አዎ፣ ይደብራል። ግን በዚህ ከተማ ኪራይ ከሚከፍል ሰው ጋር ሆኖ ስለ ቤት አለመጠየቅም ሞኝነት ነው። ሦስተኛ አራተኛ ቀጠሮ ላይ ራስህ አንሳው። «የማገኘው ይህን ያህል ነው፣ ለቤተሰብ ይህን ያህል እልካለሁ» በል። የምትሄድ ካለች ቀድማ ትሂድ።

መ) አይሆንም ከተባልክ አይሆንም ነው። ሃያ ጊዜ መደወል፣ ሥራ ቦታዋ በር ላይ መቆም የፍቅር ጽናት አይባልም። ያስፈራል። ቁጥሩን አጥፋና ካርታ ወደሚጫወተው ጓደኛህ ሂድ።

ነገሩ ከተሳካና ወደ ትዳር ካዘመመ አብራችሁ የኤችአይቪ ምርመራ አድርጉ፤ ጋብቻውንም ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

6. በስልክ ከፈለግክ

በስልክ ተዋውቀው የተጋቡ አውቃለሁ፤ አልንቀውም። ግን ሕጉ ጠበቅ ይበል። በመጀመሪያው ሳምንት በቪዲዮ ተያዩ። ካሜራዬ ተበላሽቷል የሚል ሰው ካሜራው አይሠራለትም፤ ከዚያ በኋላ ሌላም ነገር አይሠራለትም። በሦስት ሳምንት ውስጥ በአካል ተገናኙ። ራቁት ፎቶ ለማንም አትላክ። «ስጦታ ልኬልሃለሁ፣ ኤርፖርት ጉምሩክ ይዞታል፣ ይህን ያህል ብር ክፈል» ከተባልክ ስጦታም የለም፣ ሰውየውም የለም። የቴሌግራም የትዳር አገናኞች ቅድሚያ መመዝገቢያ ከጠየቁም የምትገዛው ስልክ ቁጥር እንደሆነ እወቅ፤ ከቁጥሩ ጀርባ ማን እንዳለ እነሱም አያውቁም።

ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶች ለብቻው የምለው አለ። ብቸኝነቱ እዚያ ይብሳል፤ ሌሊት ሥራ አልቆ በጆሮሽ የሚመጣው የአማርኛ ድምፅ ጣፋጭ ነው። ይጣፍጥ። ደመወዝሽን ግን «ለኛ ቤት መሥሪያ» እያለ እንዲቀበልሽ አትፍቀጂ። ገንዘብሽ በስምሽ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ቤትም ከተሠራ ካርታው በስምሽ ይሁን። ይህን ስትዪው የሚቆጣ ከሆነ ብዙ ብር ሳይወጣብሽ ማንነቱን ነገረሽ።

7. የበዓል ቀን

ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ለላጤ የሚከብደው በዓል ነው። ግማሹ ከተማ አገሩ ይገባል። ከየቤቱ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል። አንተ ዳቦ በሻይ ትበላለህ።

ለበዓሉ አስር ቀን ሲቀረው ጥበቃውን «ቅርጫ ማን ያሰባስባል?» ብለህ ጠይቅ። ስምህን አስመዝግብ፤ ድርሻህን ክፈል። የበሬ ግዢው ላይ አብረህ ሂድ፤ ስለ በሬ የምታውቀው ነገር ባይኖርም ጥርሱን እንዳየ ሰው ራስህን ነቅነቅ። በበዓሉ ጠዋት በጊዜ ውረድ። ቢላ ባታውቅ ውኃ አቀብል፣ መደቡን አብረህ ቁጠር፣ ዕጣው ሲወጣ ሳቅ፣ ተከራከር።

ከዚያ መደብህን በፌስታል ይዘህ ደረጃውን ውጣ። ስጋውን ፍሪጅ ውስጥ ለመክተት አትቸኩል። እትዬ እንትና በር ላይ ቁም፤ አንኳኳ። «እንኳን አደረስዎ እትዬ። እኔ ይህን ሁሉ መሥራት አልችልም» በል።